የሦስት ትውልድ ልቦለድ ስትጽፉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

አያት፣ እናት፣ ልጅ። አንድ የተደበቀ ነገር፣ አንድ የጠፋ አባት፣ መጨረሻ ላይ እርቅ። ብዙ ሰው መጻፍ የሚፈልገው ልቦለድ ይኼ ነው፣ እኔም ማንበብ የምወደው ይኼንኑ ነው። ረቂቃቸውን "እስቲ እየው" ብለው ሲሰጡኝ ግን የሚደጋገሙት ያው ስህተቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከብዕር ችሎታ ጋር አይገናኙም። ደራሲው ቤተሰቡን ከሰው አገር ፊልም እየቀዳ ስለሚጽፍ ነው የሚመጡት።

ከቀላሉ ልጀምር። ዕድሜ አለመደመር። አያትየዋ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲገባ የ18 ዓመት ኮረዳ ሆና ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላለች። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ጓዳ ገብታ ድፎ ዳቦ ትደፋለች። 105 ዓመቷ ነው እኮ! ወይ ቅድመ አያት አድርጓት፣ ወይ በጣልያን ጊዜ ገና የምትታዘል ሕፃን ትሁን። ዕቃውም እንደዚሁ ነው፤ ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ነው፣ የቀበሌ መታወቂያም በንጉሡ ዘመን አልነበረም። አንድ ወረቀት ላይ ዓመቶቹንና የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ በቃ።

ደብዳቤውስ? አያት ትሞታለች፣ የልጅ ልጅ ሳጥን ትከፍታለች፣ ምስጢሩ ሁሉ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ተዉት አልልም፣ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ማን ጻፈው? በዚያ ዘመን ገጠር ያደገች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ደብዳቤ የምታስጽፈው በጎረቤት ተማሪ ወይም ፍርድ ቤት በር ላይ በሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው፣ መልስ ሲመጣም የሚያነብላት ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ምስጢሩን የሚያውቅ አንድ ተጨማሪ ሰው አለ ማለት ነው። ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረ፣ ቆሎ ተዘግኖለት የጻፈ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሰውዬ። ከወረቀቱ ይልቅ እሱን ፈልጋችሁ አምጡት። ወረቀት አያፍርም፣ ሰው ግን ግማሹን ረስቶ ግማሹን ደብቆ ነው የሚነግራችሁ።

ሌላው፣ ለቤተሰቡ እንደ ፈረንጅ አንድ ስም መስጠት ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስማችን አያት ላይ ያቆማል፣ ቅድመ አያት ከወረቀት ላይ ይወድቃል። ሚስትም የባሏን ስም አትይዝም። አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ አያት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያዩ አባቶች ስም ይዘው ነው የሚኖሩት፣ መታወቂያቸውን ብታዩ የሚዛመዱ አይመስላችሁም። ለደራሲ ይኼ ሀብት ነው። በአጎቱ ስም ትምህርት ቤት የተመዘገበ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጆቹም ያንኑ ስም ይዘው ሳለ እውነተኛ አባቱ ቢመጣ ምን ያደርጋል? አጎትየው አጠገቡ ተቀምጦ እየሰማ?

በጣም የሚያናድደኝ ግን የአያት ቤት ነገር ነው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ይዞ ሌላውን ለመንግሥት ሰጠ። ኪራያቸው ዝቅ ያሉት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፣ ሰውም ከቀበሌ እየተከራየ ኖረባቸው። ታዲያ በረቂቆቹ ውስጥ የልጅ ልጅ ከአሜሪካ ትመጣለች፣ የአያቷን ቤት ታስመልሳለች፣ ግቢው ውስጥ አበባ ትተክላለች፣ ተፈጸመ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች የት ገቡ? እዚያ እኮ ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ ከፍላ፣ ከጓሮ ማድ ቤት ቀጥላ፣ አራት ልጅ የወለደች ሴትዮ አለች። የልጅ ልጆቿም ትምህርት ቤት የሚሄዱት ከዚያው በር ወጥተው ነው። የእሷም ሦስት ትውልድ ነው። የድሮዋ ባለቤት የልጅ ልጅ በር ስታንኳኳ ሴትየዋ ማን እንደሆነች ገብቷት፣ ፈርታ፣ ግን እንግዳ ናትና "ግቢ፣ ቡና ጠጪ" ስትላት ልቦለዱ እዚያ ሲኒ ላይ ነው ያለው። ለአንዱ ሁለተኛ ዕድል ስትሰጡ ከማን ላይ እንደምትወስዱ እዩ።

ታሪክን እንደ ዜና አታንብቡልን። "በየካቲት 1966 አብዮቱ ፈነዳ" የሚለው አንቀጽ ይሰረዝ። ልጁ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ሄዶ ከአንዲት ልጅ ጋር ተዋውቆ ቢመለስና ከዓመታት በኋላ አንድ ጎረምሳ "አባቴ ዘማች ነበር አሉኝ" ብሎ ቢመጣ፣ ዘመኑን ነግራችሁናል።

ሁሉም ሰው አንድ አፍ አይኑረው። አባቷን ዕድሜ ልኳን "እርስዎ" ስትል የኖረች ሴት ተናዳ አንድ ቀን "አንተ" ካለችው፣ ግማሽ ገጽ ጩኸት አያስፈልጋችሁም።

መርዶም በብዙ ረቂቅ ላይ ይበላሻል። ዋሽንግተን ያለው ልጅ የእናቱን ሞት ብቻውን ቆሞ በስልክ ይሰማል። እንዲህ የሚያረዳ ቤተሰብ ስንት ነው? መጀመሪያ የሚነገራቸው ጓደኞቹ ናቸው፣ ይመካከራሉ፣ ወደ ሥራ ሳይወጣ በጠዋት ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ፣ እሱም በዚያ ሰዓት ማን ማን እንደቆመ ሲያይ ሳይነገረው ያውቀዋል። ትናንት ማታ ደውለው "ትንሽ አሟት ነው" ያሉት እህቶቹስ? አሁን አሁን ደግሞ ፌስቡክ ይቀድማቸዋል፣ እሱም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው።

የቀረው እርቁ ነው። ሃያ ዓመት የጠፋ አባት መጥቶ ያለቅሳል፣ ልጁ ታቅፈዋለች፣ አለቀ። ኧረ በፍጹም! ሽማግሌ ይላካል። የመጀመሪያው ቀን "ስሙን አታንሱብኝ" ተብሎ ይመለሳል። ደግመው ይመጣሉ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱ ወገን ለይቷል፣ የድሮ ገንዘብ ይነሳል፣ ከዚያ እናትየዋ "እንግዲህ ለእናንተ ስል" ብላ እጇን ትዘረጋለች። ለሽማግሌ ተብሎ የተሰጠ ይቅርታ ከልብ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፣ እኔ ማንበብ የምፈልገው ያንን ጊዜ ነው። ከታረቁ በኋላም ተከተሏቸው። ሐኪም ቤት ማን ይወስደዋል? ለፋሲካ በጉን የሚገዛው ማን ነው፣ እሱ ልግዛ ቢልስ ይፈቀድለታል? ከልጆቹ አንዱ ደግሞ አልታረቅም ይበል፣ እናንተም በመጨረሻው ምዕራፍ ልታግባቡት አትሞክሩ።