ተከታታይ ፊልም በዲስክ ሲገዙና ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጥምቀት ሰሞን ከውጭ ወደ ጎንደር ከሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ የሚወጣው ልብስና ሽቶ ብቻ አይደለም። እኔ በየዓመቱ የምጠብቀው አንድ ሙሉ ሲዝን የያዘ የሳይንሳዊ ልቦለድ ተከታታይ ፊልም ሣጥን ነው፤ ፒያሳ በፍላሽ ከምናስጭነው ቅጂ ይልቅ ሥዕሉ የጠራ፣ የአዘጋጆቹ ማብራሪያም የታከለበት ነውና። ይሁን እንጂ በራሴም በጓደኞቼም ላይ እንዳየሁት፣ አብዛኛው ብስጭት የሚመጣው ዲስኩ ማጫወቻው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሣጥኑ ጀርባ ሳይነበብ በመቅረቱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የክልል ቁጥሩን አለማየት ነው። ዲቪዲ ሲፈጠር የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በቁጥር ስለከፋፈሉ፣ አሜሪካና ካናዳ ክልል 1፣ ምዕራብ አውሮፓ ክልል 2 ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካና ከህንድ ጋር በክልል 5 ትገኛለች። ከዲቪዲ በኋላ የመጣው፣ ሥዕሉ ይበልጥ የሚጠራው ብሉሬይ የተባለው ዲስክ በፊደል ሲከፋፈል ደግሞ አሜሪካ በኤ፣ አውሮፓና አፍሪካ በቢ ሥር ይውላሉ። ማጫወቻ በአብዛኛው የሚቀበለው የራሱን ክልል ዲስክ ብቻ ስለሆነ፣ ከአሜሪካ የመጣው ሣጥን አዘዞ ባለ ቤት ውስጥ ጭራሽ አልጫወት ሊል ይችላል። ክልል የማይለዩ ማጫወቻዎችና ሣጥኖች ስላሉ፣ ለዘመድዎ የፊልሙን ስም ብቻ ሳይሆን ይህንንም አስቀድመው ይንገሩ። በኮምፒውተር የሚያዩ ሰዎች በተለይ መጠንቀቅ አለባቸው፤ የኮምፒውተሩ ዲስክ ማንበቢያ ክልሉን እንዲቀይር የሚፈቅደው በአብዛኛው 5 ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ በመጨረሻ በተመረጠው ላይ ተቆልፎ ይቀራል።

ብሉሬይን በዲቪዲ ማጫወቻ ለማየት መሞከርም የተለመደ ነው። የዲስኮቹ ስፋት እኩል ቢሆንም የብሉሬይ ጽሑፍ እጅግ የደቀቀና በሌላ ዓይነት ሌዘር የሚነበብ ስለሆነ፣ ማጫወቻው ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ገንዘብ ማባከን ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዋጋ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1994 የታየው «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» የተቀረጸው በፊልም ቢሆንም ተቀናብሮ ያለቀው በቪዲዮ ካሴት ስለነበር፣ የቀድሞው ዲቪዲ ሥዕሉ ደብዛዛ ነው። ከ2012 ጀምሮ በብሉሬይ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ፊልም ከመጋዘን ወጥቶ እያንዳንዱ ክፍል እንደገና ተቆርጦ ተቀጥሏል። ተከታዩ «ዲፕ ስፔስ ናይን» ይህ ዕድል ስላልገጠመው የወጣው በዲቪዲ ብቻ ነው፤ ብሉሬይ ነው ብሎ የሚያቀርብልዎት ሻጭ ካለ ሣጥኑን መልሰው ይስጡት።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ ግን በቅደም ተከተል የሚፈጸመው ስህተት ነው። ብዙ ሰው ክፍሎቹን በቴሌቪዥን የተላለፉበትን ቀን እየተከተለ ያያል። «ፋየርፍላይ» ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት ያሳያል፤ በ2002 ሲተላለፍ ገጸ ባሕርያቱን የሚያስተዋውቀው የመክፈቻ ክፍል የታየው ፊልሙ ሊቋረጥ ሲል በታኅሣሥ ወር ነበር፤ ከ14ቱ ክፍሎች 3ቱ ጭራሽ አልታዩም። በ2003 የወጣው ዲቪዲ 14ቱንም አዘጋጆቹ ባሰቡት ተራ ስለያዘ፣ ዲስኩን ማመን ይበልጣል። «ባትልስታር ጋላክቲካ» ላይ ችግሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን የሚጀምረው መርከበኞቹ በየ33 ደቂቃው እየተሳደዱ እንቅልፍ ባጡበት አምስተኛ ቀን ላይ ሲሆን፣ ማን እንደሚያሳድዳቸውና ለምን እንደሸሹ የሚናገረው በታኅሣሥ 2003 የታየው ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ ነው። ይህ መግቢያ ሣጥኑ ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይጀምሩ። በአሜሪካ የዚሁ ፊልም ሁለተኛ ሲዝን 2.0 እና 2.5 ተብሎ በሁለት ሣጥን ስለተሸጠ፣ ግማሹን ገዝቶ ሙሉ ነው ብሎ የተታለለ ሰው አውቃለሁ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። «ዶክተር ሁ»ም የጀመረው በ1963 ቢሆንም በ2005 ሲመለስ ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ስለጀመረ፣ አንደኛ ሲዝን የሚለውን ብቻ አይተው አይዘዙ።

ሥዕሉ የቴሌቪዥኑን መስኮት እንዲሞላ ብሎ በሪሞት መለጠጥም መልካም አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሞች ወርዳቸው ለቁመታቸው 4 ለ 3 ስለሆነ፣ በግራና በቀኝ የሚታየው ጥቁር የጉድለት ምልክት አይደለም። ሲለጥጡት ሰው ሁሉ አጭርና ወፍራም ይሆናል፤ ሲያጎሉት ደግሞ ግንባር ይቆረጣል።

ከአውሮፓ የመጣ ዲቪዲ አጠረ ብሎ የሚጠራጠርም አለ። በፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል የተቀረጸው በአውሮፓው ሥርዓት በ25 ስለሚሮጥ፣ የ44 ደቂቃ ክፍል በ42 ደቂቃ ገደማ ያልቃል፤ ድምፁም በጥቂቱ ይቀጥናል እንጂ የተቆረጠ ነገር የለም።

ስለ አያያዝ ብዙ አልልም። የበጋው አቧራ ዲስኩ ላይ ሲያርፍ ክብ እየዞሩ አይወልውሉ፤ መረጃው የተጻፈው በዙሪያው ስለሆነ ክብ ጭረት ረጅም ቦታ በአንድነት ያጠፋል። በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር ቀጥ አድርገው ይጥረጉ። መብራት ሲጠፋም ማጫወቻውን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ሊያቃጥለው ይችላልና። ያቆሙበትን ደቂቃ በወረቀት መያዝም አይከፋም።

በመጨረሻም ለጎረቤት ሲያውሱ ሙሉውን ሣጥን አይስጡ፤ አንዱ ዲስክ ሲመለስ ቀጣዩን ይስጡ። የእኔ ሣጥን የሦስተኛው ዲስክ ቦታ ባዶ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የተዋሰው ሰው በተገናኘን ቁጥር አራተኛውን ይጠይቀኛል።