ቼክሜትን ከስቴልሜት እንዴት መለየት ይቻላል? ያለቀ ጨዋታ አቻ እንዳይሆንባችሁ

ንግሥት አላችሁ፤ ተጋጣሚያችሁ የቀረው ባዶ ንጉሥ ብቻ ነው። ንግሥታችሁን ታስጠጋላችሁ። እሱ ሰሌዳውን ትንሽ አየት አድርጎ እጁን ለሰላምታ ይዘረጋል፦ "አቻ ነው።" በቼዝ እንደዚህ የሚያናድድ ነገር የለም፤ ማስቀረቱ ግን ከባድ አይደለም።

በቼክሜትም በስቴልሜትም ተራ የደረሰው ተጫዋች የሚያደርገው አንድም ሕጋዊ እርምጃ የለውም። የሚለያቸው ንጉሡ ቼክ ተብሏል (ማለትም ሊበላ በሚችል ጥቃት ሥር ነው) ወይስ አልተባለም የሚለው ነው። ከተባለ ቼክሜት ነው፤ አሸንፋችኋል። ካልተባለ ስቴልሜት ነው፤ ነጥቡን እኩል ትካፈላላችሁ። ዘጠኝ ንግሥት ቢኖራችሁም ያው ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ንጉሡ መሄጃ ስላጣ ብቻ ስቴልሜት አይሆንም። የሱ የሆነ አንድ ወታደር እንኳ መንቀሳቀስ ከቻለ ጨዋታው ይቀጥላል።

አሁን ሰሌዳ አውጡ። ከነጭ በኩል ሆናችሁ አምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ከኤ እስከ ኤች፣ ረድፎቹን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ከ1 እስከ 8 እንበላቸው። ጥቁሩን ንጉሥ ኤች8፣ ነጯን ንግሥት ኢ7፣ ነጩን ንጉሥ ዲ4 ላይ አስቀምጡ። ተራው የነጭ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ንግሥቲቱን ወደ ኤፍ7 ያስጠጋል። እስቲ ቤቶቹን አንድ በአንድ እዩ፦ ጂ8 በንግሥቲቱ ተይዟል፣ ጂ7 ተይዟል፣ ኤች7ም ተይዟል። ኤች8 ላይ ግን ቼክ የለም። በቃ፣ አቻ ነው። ንጉሥ ጥግ ላይ ሲሆን ንግሥታችሁን ከሱ በፈረስ ዝላይ ርቀት ላይ አታስቀምጡ፤ የዚህ ዓይነት ስቴልሜት ዋናው ምንጭ ይሄ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ንግሥቲቱን ኢ7 ላይ መተው ነው። እዚያ ሆና 7ኛውን ረድፍ ዘግታለች፤ ንጉሡ ደግሞ ጂ8 እና ኤች8 ላይ እንዲመላለስ ቦታ ትተውለታላችሁ። እነዚያ ሁለት ቤቶች እስካሉለት ድረስ ስቴልሜት የሚባል ነገር አያሰጋችሁም። ስለዚህ ተረጋግታችሁ የራሳችሁን ንጉሥ አምጡ። ነጭ ወደ ኢ5፣ ጥቁር ወደ ጂ8። ነጭ ወደ ኤፍ6፣ ጥቁር ወደ ኤች8። አሁን ንግሥት ጂ7፣ ቼክሜት! ንጉሡ እንዳይበላት የራሳችሁ ንጉሥ ከኋላዋ ይጠብቃታል።

ልማድ አድርጉት፦ ቼክ የማይሰጥ እርምጃ ልታደርጉ ስትሉ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት "ከዚህ በኋላ እሱ ምን ይጫወታል?" በሉ። መልስ ካጣችሁ አትጫወቱት።

በንጉሥና በአንድ ወታደር ስትጫወቱም ይሄው ነው። ነጭ ንጉሥ ኢ6፣ ወታደሩ ኢ7፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ8 ላይ ሆነው ተራው የጥቁር ከሆነ ስቴልሜት ነው። ንጉሣችሁ 6ኛው ረድፍ ላይ ከወታደሩ ጎን ሲሆን፣ ወታደሩ 7ኛው ረድፍ ላይ ቼክ ሳይሰጥ ከደረሰ ታሸንፋላችሁ፤ ቼክ እየሰጠ ከደረሰ ግን አቻ ነው። የዳር ወታደሮች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው በዚህ አይለኩም።

እየተሸነፋችሁ ከሆነ ደግሞ ስቴልሜት የእናንተ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963/64 የአሜሪካ ሻምፒዮና ላሪ ኢቫንስ ከሳሙኤል ሬሼቭስኪ ጋር ተጋጥሞ ሊሸነፍ ደርሶ ነበር። ወታደሮቹ ሁሉ ታግደዋል፤ ንጉሡም ኤች1 ላይ መሄጃ የለውም። የሚንቀሳቀሱለት ንግሥቱና ሩኩ (ግንቡ) ብቻ ናቸው። ታዲያ ንግሥቱን ጂ8 ላይ ቼክ ብሎ በነፃ አስበላት። ቀጥሎ ሩኩን ጂ7 ላይ አስገብቶ እንደገና ቼክ አለ። ሬሼቭስኪ ሩኩን ቢበላው ስቴልሜት ነው፤ ባይበላው ሩኩ ቼክ ማለቱን አይተውም። ጨዋታው አቻ ተጠናቀቀ።