ስለ ካምፕ ፔንድልተን ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ዲዬጎ በአምስት ቁጥር አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው የሳን ክሌሜንቴን ከተማ ካለፈ በኋላ እስከ ኦሽንሳይድ ድረስ በስተቀኙ ውቅያኖሱን፣ በስተግራው ደረቅ ኮረብታዎችን እያየ ይነዳል። የአሜሪካ ማሪን ጦር ከባሕር ወደ የብስ የሚደረግ ውጊያን የሚለማመድበት ካምፕ ፔንድልተን ይህ ነው። ስለ ስፍራው ሲወራም ሆነ ሲጻፍ በቀላሉ የሚፈጠሩ ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው ስፍራውን እንደ ባሕር ኃይል ወደብ መቁጠር ነው። የማሪን ጦር በባሕር ኃይል ሚኒስቴር ሥር ቢሆንም ራሱን የቻለ ጦር ሲሆን፣ ወታደሮቹንና ተሽከርካሪዎቻቸውን የሚጭኑት ግዙፍ መርከቦች ማረፊያቸው ሳን ዲዬጎ ነው። ለልምምድ ሲመጡ ከዳርቻው ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ወታደሩም በጀልባ፣ በሄሊኮፕተር ወይም በሚንሳፈፍ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ወደ አሸዋው ይወጣል። ጦሩ የሚማረው ወደብ በሌለበት መውረድን ስለሆነ ለትላልቅ መርከቦች የሚሆን ወደብ አለመኖሩን እንደ ጉድለት መቁጠር አይገባም።

ሰፈሩን ከባሕር ዳርቻው ጋር ብቻ ማያያዝም ያሳስታል። ዳርቻው 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጠቅላላ ስፋቱ ግን 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከውኃ የወጣ ጦር አሸዋው ላይ ተሰብስቦ ከቀረ ለጠላት ጥይት ስለሚጋለጥ፣ ወደ ሸለቆና ወደ ተራራ ዘልቆ መግባትን፣ መድፍ መተኮስንና ስንቅ ማጓጓዝን አብሮ መለማመድ ይኖርበታል።

የሰፈሩን አመሠራረት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ዳርቻ ከተደረገው የኖርማንዲ ወረራ ጋር ማገናኘትም ተገቢ አይደለም። ቀድሞ የከብት እርባታ የነበረውን ይህን መሬት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለጦር ሰፈርነት የመረቁት በሴፕቴምበር 1942 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የጦሩ ዓይን ያረፈው በፓስፊክ ላይ ነበር። እዚሁ የሠለጠነው 4ኛው የማሪን ክፍለ ጦር በ1944 መጀመሪያ ከካሊፎርኒያ ተነስቶ በማርሻል ደሴቶች ወደሚገኘው የሮይ ናሙር ውጊያ በቀጥታ ገብቷል።

ከሁሉ ይበልጥ ማብራሪያ የሚሻው ግን ብረት ለበሱ ስለሚንሳፈፍ ብቻ እንደ ጀልባ ይታመናል የሚለው አስተሳሰብ ነው። በጁላይ 30 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. 16 ሰዎችን የጫነ አንድ ብረት ለበስ ወደ መርከቡ ሲመለስ ሰጥሞ 8 ማሪኖችና 1 የባሕር ኃይል ባልደረባ ሞተዋል። አደጋው የደረሰው በሳን ክሌሜንቴ ደሴት አጠገብ ነው፤ ደሴቲቱን ከሰፈሩ ጎረቤት ከሆነችው የሳን ክሌሜንቴ ከተማ ጋር ማምታታት ቀላል ቢሆንም፣ በሁለቱ መካከል ሰፊ ባሕር አለ።

አደጋውን ድንገተኛ ማዕበል ያመጣው አድርጎ ማቅረብም ከምርመራው ውጤት ጋር አይሄድም። ተሽከርካሪው ያረጀና በጥሩ ሁኔታ ላይ ያልነበረ ሲሆን፣ ውኃ መግባት ከጀመረ በኋላ 45 ደቂቃ ያህል ተንሳፍፎ ቆይቷል። ውኃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ተሳፋሪዎቹ እንዲወጡ ደንቡ ያዝዛል፤ ትእዛዙ ግን ዘገየ፣ ውኃ የሚያወጡት ፓምፖችም ሥራቸውን በሚገባ አልሠሩም። በመጨረሻ የላይኛው በር በተከፈተ ጊዜ ማዕበል ገባበት። ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹ ከሰመጠ ተሽከርካሪ የማምለጥ ሥልጠናቸውን አላጠናቀቁም ነበር፤ ለእርዳታ በቅርብ የሚጠብቅ የነፍስ አድን ጀልባም አልተሰማራም። እንደ እኔ አስተያየት ማዕበሉን ብቻ የሚጠቅስ ጽሑፍ ማንም ሊከላከለው የሚችለውን ነገር ሁሉ ከዘገባው ያወጣል።

በዚህ ላይ፣ አሮጌው በባለ ስምንት ጎማ አዲስ ተሽከርካሪ መተካቱ ችግሩን እንደፈታ የሚያስብ አለ። በጁላይ 2022 እ.ኤ.አ. በራሱ በፔንድልተን ዳርቻ ከአዲሶቹ አንዱ በከፍተኛ ማዕበል ተገልብጧል። የተጎዳ ሰው ባይኖርም፣ ጦሩ ተሽከርካሪዎቹ ማዕበል በሚሰበርበት ዳርቻ እንዳይገቡ ለጊዜው አግዷል።