በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል የበረራ ርቀትና ጊዜ ሲሰላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀዳሚው ስህተት የመኪና መንገድንና የአየር መስመርን ማደባለቅ ነው። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ 515 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች ሲባል የሰማነው በአሰበ ተፈሪና በቁልቢ የሚያልፈውን መንገድ ይዞ ነው፤ ከቦሌ እስከ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር ሲለካ ግን ርቀቱ 343 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይኸው ርቀት በባሕር ማይል 185 ስለሚሆን፣ እንደ ተራ ማይል ቆጥሮ በ1.6 ያባዛው ሰው ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ይጎድልበታል፤ አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነውና።

ሁለተኛው፣ ርቀቱን በአውሮፕላኑ ፍጥነት ብቻ አካፍሎ ማስላት ነው። 343 ኪሎ ሜትር በሰዓት 850 ለሚበር ጄት ሲካፈል 24 ደቂቃ ይሰጣል፤ ትኬቱ ግን 1 ሰዓት ገደማ ይላል። ልዩነቱ የሚመጣው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነስቶ ሌላው ዘንድ እስኪቆም ያለው ሁሉ ስለሚቆጠር ነው። በመንደርደሪያው ላይ ተራ መጠበቅ፣ ቀስ በቀስ ከፍታ መያዝና ወዲያው መውረድ መጀመር በአጭር በረራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሙሉ ፍጥነቱ የሚያገለግለው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

የሐረር ሰው ደግሞ የራሱን መንገድ ይረሳል። ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት በአወዳይ የጫት ገበያ ግርግር፣ በሐረማያና በደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ግድ ነው። ለመንገዱ ከ1 ሰዓት በላይ፣ ለፍተሻና ለምዝገባ 2 ሰዓት ከታሰበ፣ ቦሌ ለመድረስ ከ4 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው የሰዓት አቆጣጠር ስህተት ነው። አጎቴ ለሕክምና ቀጠሮ የተቆረጠለትን ትኬት 07:00 የሚለውን አይቶ «ሰባት ሰዓት» ብሎ ያዘው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ ትኬቱን በላስቲክ ጠቅልሎ በኪሱ ይዞ ኤርፖርት ሲደርስ አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሄዷል። ወራት የጠበቀው ቀጠሮ አለፈ። በትኬት ላይ ያለው ቁጥር በ24 ሰዓት የተጻፈ ነው፤ ከእኛ ሰዓት ጋር ለማስማማት ከ07:00 ጀምሮ ላለው የቀን ሰዓት 6 መቀነስ፣ ከ19:00 ጀምሮ ላለው 18 መቀነስ፣ ከ07:00 በፊት ላለው ደግሞ 6 መደመር ይገባል። ስለዚህ 13:00 ማለት ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ትኬት የምንቆርጥላቸው ሽማግሌዎች ካሉ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በእስክሪብቶ ጽፈን ልንሰጣቸው ይገባል።

ከቦሌ በሌሊት ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጅዳ ለሚቀጥል ደግሞ ቀኑም ያሳስታል። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ በትኬቱ አቆጣጠር ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለወጣል። ኖቬምበር 12፣ 01:30 ተብሎ የተጻፈ በረራ እኛ የ11 ሌሊት 7:30 የምንለው ስለሆነ፣ ተሳፋሪው ኖቬምበር 11 ከድሬዳዋ መነሳት አለበት።