ከአልጋ መነሣት ላልቻለ ካቶሊካዊ ቅዱስ ቁርባን በቤቱ እንዲደርሰው እንዴት ይደረጋል?

በብዙ ካቶሊክ ቤተሰቦች ዘንድ አንድ የቆየ ፍርሃት አለ። እናት የአልጋ ቁራኛ ሆነው ሲሰነብቱ አንዱ ልጅ «አባን እንጥራላቸው» ሲል ሌላው «ምን ማለትህ ነው? ሊሞቱ ነው እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። በዚህ ምክንያት ካህኑ የሚጠሩት ታማሚዋ መናገርም መዋጥም ሲያቅታቸው ይሆናል። ያን ጊዜ መናዘዝም መቁረብም የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀደም ብሎ መጥራት ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (የካቶሊክ ጳጳሳት ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. 1962–1965) ምስጢረ ቀንዲል፣ ማለትም ካህን ሕሙማንን በተቀደሰ ዘይት የሚቀባበት ምስጢር፣ በሞት አፋፍ ላይ ላሉ ብቻ የተሰጠ አለመሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። በጽኑ የታመመ፣ በእርጅና የደከመ፣ በከባድ ሕመም ምክንያት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሁሉ ሊቀባ ይችላል። ድኖ እንደገና ከታመመ ወይም ሕመሙ ከጠናበት ይደገምለታል።

ቀጥሎ ለቁምስናው፣ ማለትም ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ይደውሉ። «አባ ሰምተው ይሆናል» ብሎ መቀመጥ አይበጅም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን ቆሞሱ (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) ሳይሰሙት መቅረታቸው የተለመደ ነው። ታማሚው ሆስፒታል ቢተኛም ሆስፒታሉ ለቁምስናው ይነግራል ብለው አይጠብቁ። ሲደውሉ ታማሚው መናዘዝ ይፈልግ እንደሆነ፣ መዋጥ ይችል እንደሆነና መድኃኒቱ የማያስተኛው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ይንገሩ። የሚመጣውም ሰው በዚሁ ይወሰናል። ቅዱስ ቁርባኑን ዲያቆን ወይም ፈቃድ የተሰጣቸው ደናግልና ምእመናን ሊያመጡ ይችላሉ፤ ኑዛዜና ቀንዲል ግን ያለ ካህን አይሆንም። በስልክ ኑዛዜም የለም።

ክፍሉን ማዘጋጀት ቀላል ነው። ከአልጋው አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ መስቀል፣ ሻማ፣ በብርጭቆ ጥቂት ውኃና ማንኪያ ይበቃሉ። ታማሚው ኦክስጅን የሚወስድ ከሆነ ግን ሻማ ፈጽሞ አይለኩስ፤ ለእሳት አደጋ መጋበዝ ነው። ዕጣንም ቢሆን መተንፈስ ለሚቸግረው ሰው ይቅርበት። ቴሌቪዥኑን ያጥፉ።

ካህኑ ቅዱስ ቁርባን ይዘው ሲገቡ ደጅ ላይ አቁሞ የቤተሰቡን ደኅንነት በየተራ መጠያየቅ ተገቢ አይደለም። በቀጥታ ወደ ታማሚው ይምሯቸው፤ ሰላምታቸውም ለዚያ ቤት ሰላምን በመመኘት ይጀምራል። ቡናው ይቆይ። አስተናጋጅነታችን የሚደነቅ ቢሆንም ከጸሎቱ በፊት ረከቦት የሚዘረጋበት ቤት አጋጥሞኛል፤ ካህኑ ደግሞ ሥጋ ወደሙ በደረታቸው ይዘው ፈንድሻ ሊቆረጥሙ አይችሉም።

ኑዛዜ ካለ ሁሉም ሰው ይውጣ። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ሰፊ ጥላ ያለበት ግቢ ወይም የጎረቤት ቤት ይበቃል። ጆሯቸው የከበደ ታማሚ ኃጢአታቸውን ጮክ ብለው ስለሚናገሩ፣ ልጆችን ከበሩ ብቻ ሳይሆን ከመስኮቱም ያርቁ።

ከዚያ አጭር ንባብ ይነበባል፤ አቡነ ዘበሰማያት አብራችሁ ትደግማላችሁ፤ ታማሚውም ይቆርባል። «ቁርስ ስለ በላሁ አልቆርብም» የሚሉ አረጋውያን ብዙ ናቸው። በላቲን ሥርዓት ቀኖና አረጋውያንና ሕሙማን፣ እነሱን የሚያስታምሙም፣ ከመቁረብ በፊት ያለው የአንድ ሰዓት ጾም አይጠየቁም፤ በግእዝ ሥርዓት ካሉ ቆሞሱን ይጠይቁ። መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው ትንሽ ቁራጭ ብቻ ይቀበልና አንድ ማንኪያ ውኃ ይከተልበት። ጠጣር ነገር ጨርሶ የማይወርድለት ከሆነ ክቡር ደሙን ብቻ መቀበል ይፈቀዳል፤ ይህ ግን ከቅዳሴው ጋር ተያይዞ የሚዘጋጅ በመሆኑ አስቀድሞ መነገር አለበት። ታማሚው መልሶ ቢያወጣው ደግሞ አይጣል፤ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ይቀመጥና የሚደረገውን ካህኑ ይወስናሉ።

አስታማሚውን አይርሱ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ የቀረችው ልጅ ወይም ሠራተኛ ካቶሊክ ከሆነች እዚያው አብራ መቁረብ ትችላለች፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቃት ሰው ስለሌለ ብቻ ከጓዳ ትቀራለች። ለመጠየቅ የመጡ የኦርቶዶክስ ጎረቤቶች ካሉ አብረው ይጸልዩ፤ አይቆርቡም እንጂ መውጣት የለባቸውም።

ካህኑ ከመሄዳቸው በፊት የሚቀጥለውን ቀን ይቁረጡ። በመካከሉ ያለውን እሑድ በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ቅዳሴ ያጽናናል፤ ጠያቂ እንዲቀር ግን ምክንያት አይሁን። ታማሚው በድንገት ራሱን ቢስት ወዲያው ይደውሉ፤ ራሱን የሳተ ሰው ሊቀባ ይችላል፤ መሞቱ የሚያጠራጥር ከሆነም ካህኑ ይቀቡታል። በእርግጥ ካረፈ ግን የሚቀረው ጸሎተ ሙታን ነው። የቆሞሱን ስልክ ቁጥር ከሐኪሙ ቁጥር ጎን በትልልቅ አኃዝ ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉ፤ ሌሊት የሚያድረው አስታማሚ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።