ባንዶልን አታሙቁት፣ አትቸኩሉበት

ባንዶል በደቡብ ፈረንሳይ፣ ፕሮቫንስ በተባለው አካባቢ፣ በማርሴይና በቱሎን መካከል ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከኋላዋ ያሉት ኮረብታዎች በድንጋይ እርከን የተሸነሸኑ ናቸው። እዚያ የሚበቅለው ወይን በስሟ ይጠራል። በዚያ አካባቢ ምግብ ቤቶች ለዓመታት ወይን ቀድቻለሁ። ቀዩ ባንዶል በሰው እጅ ሲበላሽ ማየት አሁንም ያመኛል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ማሞቁ ነው። «ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣል» ሲባል ያልሰማ የለም። የትኛው ክፍል? አባባሉ የመጣው ቤቶች እንደዛሬው ማሞቂያ ባልነበራቸው ጊዜ ነው። ያኔ ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ ነበር። በነሐሴ የፕሮቫንስ ሳሎን እኮ 30 ዲግሪ ይደርሳል! የሠራሁበት አንድ ቤት ቀዩን ወይን የሚደረድረው ከምድጃው አጠገብ ነበር። እንግዳው ይቀምሳል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ «አልኮሉ በዛ» ይላል። እውነቱን ነው። ባንዶል ብዙ ጊዜ 14 በመቶ አካባቢ አልኮል አለው። ሲሞቅ አፍንጫ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ፍሬው፣ ቅመሙ፣ የጫካው ሽታ ሁሉ ይሸፈናል። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፣ በቃ። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ጥሩ ነው። «ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም» የሚላችሁን አትስሙ። በረዶ ግን ብርጭቆው ውስጥ አትጨምሩ።

ሌላው ችኮላ ነው። በባንዶል ስም ለሚሸጥ ወይን በወጣው ደንብ መሠረት ቀይ ባንዶል ቢያንስ ግማሹ ሙርቬድር ከሚባለው የወይን ዝርያ መሆን አለበት። ከዚያም ቢያንስ 18 ወር በእንጨት ዕቃ ውስጥ ይቆያል። ሙርቬድር ዘግይቶ የሚበስል፣ ልጣጩ ወፍራም የሆነ ዝርያ ነው። ታኒኑ፣ ማለትም ከልጣጩ የሚወጣው አፍ የሚያደርቅ ነገር፣ ብርቱ ነው። ያልበሰለ ሙዝ ስትገምጡ አፋችሁን የሚይዘው ዓይነት ስሜት አለው። ከቻላችሁ ስምንት፣ አሥር ዓመት አቆዩት። ካልቻላችሁ ከመጠጣታችሁ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ጆግ ውስጥ ገልብጡት። ቡሹን ነቅሎ ጠርሙሱን ማስቀመጥ ብቻውን ምንም አይጠቅምም። በዚያች ጠባብ አንገት ምን ያህል አየር ይገባል?

በወይኑ ጠረን መደንገጥም አለ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጠርሙስ ስከፍት የቆዳና የጋጣ ሽታ ሸተተኝ። ተበላሽቷል ብዬ ሙሉውን ደፋሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሙርቬድር አየር አጥቶ ሲከርም እንዲህ ይሸታል፤ ጆግ ውስጥ ሲቆይ ይለቀዋል። የተበላሸ ወይን የሚሸተው እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ነው። ያንን ያለ ሐፍረት መልሱ። አስተናጋጁ መጀመሪያ ጥቂት ቀድቶ የሚያስቀምሳችሁ ለዚሁ ነው፤ ወደዳችሁት አልወደዳችሁት ለማለት አይደለም።

የቆየ ጠርሙስ አተላ አለው። ወደ ታች እንዲዘቅጥ ከመክፈታችሁ አንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።

ብርጭቆውን አትሙሉ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ሰው ባሕሩን ያይና ቡያቤስ፣ ማለትም የማርሴይን የዓሣ ሾርባ፣ ከቀይ ባንዶል ጋር ያዝዛል። ዓሣና ታኒን ሲገናኙ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። ለዓሣው የባንዶል ሮዜ፣ ማለትም ሮዝ ቀለም ያለውን ወይን፣ ወይም የካሲስን፣ የዚያው ባሕር ዳር ከተማን፣ ነጭ ወይን ውሰዱ። ቀዩ ሥጋ ይፈልጋል። በወይን ተዘፍዝፎ ለሰዓታት የሚበስለው ዶብ የተባለው የበሬ ሥጋ፣ ወይም የተጠበሰ የበግ ጭን ይስማማዋል። ስቡና ሥጋው ታኒኑን ያለሰልሱታል።

እዚህ ያሉ ያገሬ ልጆች ሲጋብዙኝ ውዱን ባንዶል ከዶሮ ወጥ ጋር ይከፍቱልኛል። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን በርበሬው አልኮሉን እሳት ያደርገዋል፣ ታኒኑም ይመርራል። ለዶሮ ወጡ ቀዝቃዛ ሮዜ ይሻላል። ቀዩን ለበግ ጥብስ አስቀምጡት። የጥብስ ቅጠል በፕሮቫንስ ኮረብታዎችም እንደ ልብ ይበቅላል፤ ከዚህ ወይን ሽታ ጋር ይዋደዳል። ቅጠሉን ጨመር አድርጉበት፣ ሚጥሚጣው ግን ለብቻው ይቅረብ።