«ዓመሉ ነው» አትበሉ፦ ውሻና ድመት ስናሳድግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከኮዬ ፈጬ እስከ ለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሱሉልታ፣ ከተማው ከእርሻው ጋር በሚጋጠምበት ሰፈር ሁሉ ግቢ ያለው ሰው ውሻ አያጣም። ኮንዶሚኒየም ያለው ደግሞ ድመት። አይጥ አለ፣ ሌባ አለ፣ ማታ ማታ ጅብ አለ። እንስሳው የሚመጣው ለሥራ ነው፤ ይህ ነውር የለውም። ነውሩ ሥራውን ሰጥተን ኑሮውን ስንረሳው ነው። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ፣ ጫማ ሲያኝክ፣ ድመቷ ፍራሽ ላይ ስትሸና «ዓመሉ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለን እናልፋለን። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ተብሎ የለ! እኔ ግን እንዲህ ያለ ዓመል ሲገጥመኝ ጠጋ ብዬ ሳየው ምክንያት ያጣሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ያ ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኛው ነን።

ቀን አስሮ ማታ መፍታት

በሰፈራችን አንድ ግቢ አለ። ውሻው አጥሩ ጥግ ካለ ባሕር ዛፍ ጋር ታስሯል። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ ክብ ሆኖ ተልጧል፣ ሣር የሚባል ነገር የለበትም፤ ክረምት ሲገባ ያ ክብ ጭቃ ይሆናል፣ ውሻውም እዚያው ጭቃ ላይ ይተኛል። ቀን ቀን በበሩ ባለፈው ሁሉ ላይ ይጮኻል። በተማሪው፣ በቆራሌው፣ ቆጣሪ ሊያነብ በመጣው ሰው፣ በአህያው። ማታ ሲፈቱት እስኪደክመው ድረስ ግቢውን ይዞራል። ባለቤቶቹ «ክፉ ነው፣ ጥሩ ጠባቂ ወጣው» ይላሉ።

ክፉ ሳይሆን ፈሪ ነው። የታሰረ ውሻ አንድ ነገር ሲያስፈራው መሸሽ አይችልም፤ የቀረው ምርጫ ጥርሱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ለጠባቂነት ሲባል ቡችላውን ጨለማ ክፍል ዘግቶ ማሳደግ የሚወዱ አሉ፤ «ሰው እንዳይለምድ» ነው ነገሩ። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 3 ወር ገደማ ድረስ ያለው፣ ቡችላ ያየውንና የሰማውን ነገር የሚለምድበት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ልጅ፣ እንግዳ፣ ሞተር ሳይክል፣ ዣንጥላ ያላየ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ሲደነግጥ ይኖራል። የደነገጠ ውሻ ደግሞ ሌባና የእናንተን የእህት ልጅ አይለይም። ሰው የለመደ ውሻ ግን ሌሊት አጥር የዘለለውን ሰው ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ ግቢው የራሱ ነውና ለመጮህ ማንም አያስተምረውም።

የግድ የሚታሰር ከሆነ በሁለት ቋሚ መካከል ሽቦ ወጥሩና ሰንሰለቱን በቀለበት አያይዙለት። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ይሄድበታል። ዋጋውም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቤቱን በባዶ ቆርቆሮ ብቻ ከሠራችሁለት ደግሞ ቀን ይጠበሳል፣ ሌሊት ይንቀጠቀጣል። በጥቅምትና በኅዳር ያለውን የሰፈራችንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከታች ጣውላ ወይም ፓሌት፣ ላዩ ላይ ጭድ በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ በሩን ከፍቶ «ይዙርና ይምጣ» ማለት በእኛ ሰፈር አይሠራም። ጅብ ውሻ ይበላል። አንድ ውሻ፣ ምንም ያህል ቢገዝፍ፣ ጅብን አይችልም። አጥራችሁ ሥር ክፍተት ካለ ዛሬውኑ በድንጋይ ድፈኑት።

በዓል ሲመጣ ሆድ ዕቃውን መወርወር

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ የውሻው ብቻ አይደለም።

ፋሲካም ይሁን አረፋ፣ በግ ግቢ ውስጥ ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል። አራጁ በቢላው ጫፍ ቆርጦ ያወጣና «ይሄ አይበላም» ብሎ ለውሻው ይወረውራል። ውሻውም ከአየር ላይ ይቀልባል፣ ልጆች ይስቃሉ። ያ ከረጢት ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ገብቶ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ አፈሩን፣ ጎመኑን፣ የውሻውን ፀጉር ይይዛል። ልጁ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ያው ዓይነት ከረጢት ሰው ጉበት ላይ ይገኛል፣ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ነው። ውሻው ራሱ ግን ምንም ሳይሆን ጅራቱን እያወዛወዘ ይኖራል።

የተበላሸውን ሆድ ዕቃ ውሻና ጅብ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት፣ ወይም አቃጥሉት። ለውሻው የምትሰጡትን ደህናውንም በደንብ ቀቅሉት። የትል መድኃኒቱን በየጊዜው ከእንስሳት ሐኪም ጠይቃችሁ ስጡት፤ ለዚህኛው ትል የሚሠራው ፕራዚኳንቴል የተባለው ነው። ማንኛውም የትል ክኒን አይደለም።

አጥንትን በተመለከተ፣ የዶሮ አጥንት ከተቀቀለ በኋላ ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። ዶሮ ወጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፣ ድመት ላይ ይብሳል። እኛ ወጣችንን የምንሠራው በሽንኩርት ክምር ነው። ፍርፋሪ እንጀራ ስትሰጡ ወጥ ያልነካውን ምረጡ። ዘቢብና ቸኮሌትም ለውሻ መርዝ ነው፤ የልደት ኬክ የምትቆርሱ ልብ በሉ።

ድመትን ማስጾም

ጎረቤቴ እማማ ድመታቸውን ይወዳሉ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ቤቱ ውስጥ 55 ቀን ሙሉ ሥጋ የለም፤ ውሮም ሽሮ በእንጀራ ትበላለች። ፀጉሯ ሲረግፍ አይቼ «እማማ፣ ትንሽ እንቁላል ቢሰጧት?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ እሷ እኮ ለምዳዋለች፤ ደግሞ አይጥ አለላት» አሉኝ። አይጥ እንዳለማ እውነት ነው። ግን በሯ ተዘግቶ ቤት የምትውል ድመት በሳምንት ስንት አይጥ ታገኛለች?

ውሻ በእህልም ቢሆን እየተንገታገተ ሊኖር ይችላል። ድመት ግን አትችልም። ታውሪን የሚባል ነገር አለ፣ ከሥጋና ከዓሣ እንጂ ከሽሮ አይገኝም። የድመት ሰውነት ደግሞ ራሱ በበቂ መጠን አይሠራውም። ሲጎድላት ቀስ እያለ ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። እሷ ለጾም አልተጠራችም። ዓሣ የምትሠሩ ከሆነ ጭንቅላቱን ቀቅላችሁ አጥንቱን ለይታችሁ ስጧት፣ ሉካንዳ ከመዘጋቱ በፊት የበሬ ልብ ገዝታችሁ በትንሽ በትንሹ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙላት። ልብ በታውሪን የታወቀ ነው፣ ዋጋውም ከሥጋ ይረክሳል።

ወተቱስ? ብዙ ድመት ካደገች በኋላ የወተት ስኳር አይፈጭላትም፤ ያስቀምጣታል። ውሃ አቅርቡላት። ኬክ ስትሰርቅ አይተናታል የምትሉ ደግሞ፣ ድመት ጣፋጭ አትለይም፤ የምትፈልገው ቅቤውን ነው።

የሰው መድኃኒትና የእርሻ መድኃኒት

አጭር ነው፦ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ግማሽ ክኒን እንኳ። «ትኩሳት አላት» ብላችሁ አትስጡ።

ለሰብል የሚረጨውን መድኃኒት በውሃ በጥብጦ ቁንጫና መዥገር ለማጥፋት ውሻ ማጠብ በየሰፈሩ ይታያል። ውሻው ራሱን ይልሳል፣ የላሰው ሆዱ ይገባል፣ ከዚያ አረፋና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ለውሻ ተብሎ የተሸጠውን የቁንጫ መድኃኒትም ለድመት አትጠቀሙ፤ ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ውሻው ላይ ምንም ሳያደርግ ድመቷን ይጥላታል። የአይጥ መርዝና ድመትም አንድ ቤት አይኖሩም። የተመረዘ አይጥ ዝግ ይላል፣ ዝግ ያለውን ደግሞ ድመቷ ትይዘዋለች።

ካለፈ በኋላ መምታት

ከሥራ ስትመለሱ ጫማው ተበጣጥሷል። ውሻው ጆሮውን ጥሎ ጥግ ይዟል። «ጥፋቱን ያውቃል እኮ፣ ፊቱን እዩት!» አያውቅም። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል ተመራማሪ በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህንኑ ፈትናው ነበር። ያ የጥፋተኛ ፊት የሚመጣው ውሻው በማጥፋቱ ሳይሆን ባለቤቱ በመቆጣቱ ነው፤ ምንም ያላጠፋውም ሲቆጡት ያንኑ ፊት ያሳያል። ስለዚህ ከሰዓታት በኋላ የወረደበት ዱላ የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እናንተ በር ስትከፍቱ መደበቅን። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸትም ያው ነው። ጫማውን አንሱ፣ የሚያኝከው ነገር ስጡት፣ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት አንዴ አስሩጡት።

ድመት ፍራሽ ላይ ስትሸና ደግሞ መጀመሪያ አሸዋዋን እዩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙዎቻችን ሳፋ ላይ አሸዋ እናደርጋለን፣ ጥሩ ነው፤ ግን በየቀኑ ካልተጠረገ ድመቷ ትጸየፈዋለች። ምግቧ አጠገብ ካስቀመጣችሁትም እንደዚያው። ሁለት ድመት ካላችሁ ሦስት ሳፋ ቢኖር ይሻላል። ወንድ ድመት ከሆነና ደጋግሞ እያጎነበሰ ሽንት ጠብ ካላለው ግን ይህ የዓመል ጉዳይ አይደለም። ሽንት ቧንቧው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ያኑ ቀን ሐኪም ጋር ውሰዱት።

ጅራትና ኩርኩርታ

ውሻ ጅራቱን ያወዛወዘ ሁሉ ደስ አላለውም። ሰውነቱ ደርቆ፣ ጅራቱ ወደ ላይ ቆሞ ቶሎ ቶሎ ከተንቀጠቀጠ እጃችሁን ሰብስቡ። ድመትም ጉሮሮዋ ውስጥ ኩር ኩር ስትል ሁልጊዜ ተመችቷት አይደለም፣ አሟትም ኩር ኩር ትላለች። ስትደባብሷት ጅራቷ ወለሉን ጠብ ጠብ ማድረግ ከጀመረ ይብቃኝ እያለች ነው፤ ከዚያ በኋላ ብትቧጭር «ከሃዲ» አትበሏት። የሞተ አይጥ አምጥታ ደጃፍ ላይ ስትጥል መቆጣትም ተገቢ አይደለም። ለምን መጣች እሷ?

ነፍሰ ጡር ስትኖር ድመቷን ማባረር

ምክሩ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው፦ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ለጽንስም አደገኛ ነው። ግን ከወጣ በኋላ ሰውን ሊይዝ የሚችለው ቢያንስ አንድ ቀን ቆይቶ ነው። አሸዋው በየቀኑ ከተጠረገ፣ የሚጠርገውም ባልየው ከሆነ፣ ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። የሚገርመው ድመቷን ከቤት አስወጥቶ ጥሬ ክትፎ የሚያዝ ሰው ነው። ጥሬ ሥጋም ያንኑ ተውሳክ ያስተላልፋል፤ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣም እንደዚሁ።

የእብድ ውሻ ክትባትን «ግቢ ነው የሚውለው» ብሎ መተው

ግቢ የሚውል ውሻም በአጥር ሥር ይነከሳል። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፣ በየዓመቱም ይታደስ፤ ድመቷም ጭምር። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱም ሁልጊዜ አረፋ ደፍቆ መሮጥ አይደለም። ተናካሹ ውሻ ድንገት ዝም ሊል፣ ጨዋው ሊናከስ፣ መንጋጋው ወርዶ ምራቁን ሊያዝረበርብ ይችላል። ሰዉ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆሞበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። አትክተቱ።

ከተነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ያዙ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። ክትባቱ የት እንዳለ ካላወቃችሁ የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ይመራችኋል፤ ፓስተር የምንለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በዚሁ ሥራ የታወቀ ነው። ጠበሉን ማንም አይከለክልም። ክትባቱን ግን ጠበል ተጠምቄያለሁ ብሎ መዝለል፣ ወይም ሥር ቀምሞ የሚሰጥ ሰው ጋር ሄዶ ቀናት ማባከን ሕይወት ያስከፍላል። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ስለሆነም የመጀመሪያውን ወስዳችሁ «ተሽሎኛል» ብላችሁ አትቅሩ።

የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ መንደርተኛው በድንጋይ ጨርሶ ገደል አይክተተው። አስሩትና ለ10 ቀን ይታይ። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ከሆነ ሲነክሳችሁ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ይህን እየጠበቃችሁ ግን የእናንተን ክትባት አታዘግዩ።

በጆንያ አድርጎ ሉካንዳ በር ላይ መጣል

ሴት ድመት ገና በ5 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ ከሁለት ወር ትንሽ አለፍ ብላ ትወልዳለች። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ደጋግማ አራት አምስት ልጅ ይዛ ትቀርባለች። የተለመደው መፍትሔ ጆንያ ነው፤ «ሥጋ ቤት በር ላይ ከጣልኳቸው አይራቡም» ይላል ሰዉ። እዚያ ያሉት ውሾች ግን ቀድመዋቸዋል።

5 ወር ሳይሞላት ማስመከን ይሻላል። ወንዱንም ማኮላሸት፤ የሚሸናውም የሚጣላውም ይቀንሳል፣ ቤት መዋልም ይለምዳል። ከተወለዱ በኋላ ከሆነ ያሰባችሁት፣ ልጆቹን ከ8 ሳምንት በፊት ከእናታቸው አትለዩ። ለሰው ስትሰጡ ምን እንደበሉ፣ የት እንደሚሸኑ፣ የትል መድኃኒት መቼ እንደወሰዱ ንገሩት፤ የተቀባዩንም ስልክ ያዙ፣ ካልተስማማው መልሶ ለእናንተ ያምጣ።